ከደሴ ወይም ከኮምቦልቻ ሆኖ ለአሜሪካ የክሊኒካል ሳይኮሎጂ ዶክትሬት ማመልከት፦ ከውጤት ሰንጠረዡ እስከ ቪዛው

መመሪያው በሳይኮሎጂ፣ በሳይካትሪ ወይም በተቀራራቢ ሙያ ተመርቀው አሜሪካ ውስጥ ለክሊኒካል ሳይኮሎጂ ዶክትሬት ለሚያመለክቱ ነው። አመልካቾች ደጋግመው የሚሰናከሉት ሁለት ቦታ ላይ ነው፦ ፕሮግራሙን በዩኒቨርሲቲው ስም ይመርጣሉ፤ ሬጅስትራር ቢሮ ደጃፍ የሚቆሙትም ኅዳር ከገባ በኋላ ነው። ስለዚህ በደረጃ 1 የተጻፈውን የጊዜ ቅደም ተከተል አትለውጡ። በተለይ ደረጃ 2ን ሳትጨርሱ ለማንም ፕሮፌሰር ኢሜይል አትጻፉ።

ደረጃ 1፦ ቀኖቹን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉ

አብዛኞቹ ፕሮግራሞች ማመልከቻ የሚዘጉት በፈረንጆቹ ዲሴምበር 1 እና 15 መካከል ነው። ዲሴምበር 1 ኅዳር 22 ላይ ይውላል፤ ጳጉሜ 6 ቀን ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ ባለው ዓመት ግን ኅዳር 21 ነው። መዝጊያው «ከእኩለ ሌሊት አንድ ደቂቃ በፊት በምሥራቅ አሜሪካ ሰዓት» ከተባለ፣ በእኛ በማግሥቱ ጠዋት 1 ሰዓት ከ59 ማለት ነው። ይህን ትርፍ ጊዜ አትቁጠሩት። ያን ሌሊት መብራት ቢጠፋ የምትከራከሩት ሰው አይኖርም።

የሥራ ክፍፍሉ እንዲህ ይሁን፦

- ሚያዝያ እስከ ሰኔ፦ ፓስፖርት፣ ኮስት ሼሪንግ፣ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት
- ሐምሌና ነሐሴ፦ የውጤት ሰንጠረዥ (ፕሮግራሙ ስለ ተማሪዎቹ ውጤት የሚያወጣው) ንባብና የፕሮግራም ምርጫ
- መስከረም፦ ለፕሮፌሰሮች ኢሜይል
- ጥቅምት፦ የእንግሊዝኛ ፈተና፣ የድጋፍ ደብዳቤዎች
- ኅዳር 10፦ ማመልከቻው ተልኮ ያለቀበት ቀን

ደረጃ 2፦ የውጤት ሰንጠረዡን ከታች ወደ ላይ አንብቡ

በመጀመሪያ ፕሮግራሙ በአሜሪካ ሳይኮሎጂ ማኅበር (ኤፒኤ) እውቅና ያለው መሆኑን በማኅበሩ የፍለጋ ገጽ አረጋግጡ። ዩኒቨርሲቲው እውቅና አለው ማለት ፕሮግራሙም አለው ማለት አይደለም፤ ብዙ ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ነው። «ሙሉ በሙሉ ኦንላይን» የሆነ የክሊኒካል ዶክትሬት ካያችሁ ገጹን ዝጉት፤ ማኅበሩ እንዲህ ላለው እውቅና አይሰጥም።

እውቅና ያለው ፕሮግራም ሁሉ የተማሪዎቹን ውጤት በየዓመቱ በድረ ገጹ ላይ የማውጣት ግዴታ አለበት። ሊንኩ ከፕሮግራሙ የመጀመሪያ ገጽ ላይ «ስቱደንት አድሚሽንስ፣ አውትካምስ ኤንድ አዘር ዳታ» በሚል ርዕስ ይገኛል። የማደሻው ቀን ኦክቶበር 1፣ በእኛ መስከረም 20 ወይም 21 ስለሆነ በነሐሴ ያያችሁትን በመስከረም መጨረሻ ደግማችሁ እዩ። ሰንጠረዡ ከጠፋባችሁ ፕሮግራሙ አዲስ ወይም እውቅና የሌለው ሊሆን ይችላል። ለፕሮግራሙ አስተባባሪ በአንድ መስመር ጠይቁ፤ መልስ ካልመጣ ከዝርዝራችሁ አውጡት።

አንባቢ ሁሉ የሚጀምረው ስንት አመልክቶ ስንት ገባ ከሚለው ነው። እናንተ ከመጨረሻው ሰንጠረዥ ጀምሩ።

*ሀ. የሙያ ፈቃድ።* ሰንጠረዡ ከ2 እስከ 10 ዓመት በፊት ከተመረቁት ውስጥ ስንቱ ፈቃድ እንዳወጡ ያሳያል። ፈቃድ የሚሰጠው እያንዳንዱ ግዛት ነው፤ ኢፒፒፒ የሚባለውን አገር አቀፍ ፈተና ማለፍም ይጠይቃል። ቁጥሩ ከ80 ከመቶ በታች ከሆነ ምክንያቱን ፈልጉ። ምርምር ላይ ያተኮረ ፕሮግራም ከሆነ ተመራቂዎቹ ዩኒቨርሲቲ ገብተው ፈቃድ ሳያወጡ ሊቀሩ ይችላሉ፤ ወደ አገራቸው የተመለሱትም ፈቃድ እንዳላወጡ ይቆጠራሉ። «ሐኪም እናደርጋችኋለን» የሚል ሳይዲ (ከምርምር ይልቅ በሕክምና ልምምድ ላይ የሚያተኩር የሳይኮሎጂ ዶክትሬት) ፕሮግራም ግን ዝቅተኛ ቁጥር ይዞ ከተገኘ ሰበብ የለውም።

*ለ. ያቋረጡ።* የአንድ ዓመት መስመር ብቻ ይዛችሁ አትፍረዱ። የአንድ ዓመት ገቢ ተማሪ 5 ወይም 6 ብቻ ስለሚሆን አንድ ሰው ቢወጣ ቁጥሩ ወደ 20 ከመቶ ይዘላል። የ5 ዓመቱን ደምሩ። ለምሳሌ 6፣ 7፣ 5፣ 6 እና 6 ገብተው በድምሩ 3 ከወጡ፣ 3 ለ30 ሲካፈል 10 ከመቶ ነው። ይህ ያለ ነገር ነው። በየዓመቱ አንድ ሁለት ሰው የሚወጣበት ፕሮግራም ግን የአማካሪና የተማሪ ችግር እንዳለበት ጠርጥሩ።

*ሐ. ኢንተርንሺፕ።* ወጥመዱ ያለው እዚህ ነው። ከዲግሪው በፊት አንድ ዓመት ሙሉ ጊዜ (ወይም ሁለት ዓመት በግማሽ ጊዜ) ኢንተርንሺፕ ግዴታ ነው። ምደባው በአብዛኛው የሚካሄደው አፒክ በሚባለው ማኅበር በኩል ተማሪና ተቋም በሚመራረጡበት «ማች» ነው። የሰንጠረዡ የመጀመሪያ መስመሮች «ያመለከቱ» እና «ያገኙ» ይላሉ። አትቁሙ፤ ወደ ታች ወርዳችሁ «በኤፒኤ ወይም በካናዳው ማኅበር እውቅና ያለው» የሚለውን አንብቡ። 10 አመልክተው 10 ካገኙ ማስታወቂያው 100 ከመቶ ይላል። ከ10ሩ እውቅና ያለው ያገኙት 6 ከሆኑ፣ ለእናንተ ትክክለኛው ቁጥር 60 ነው። እውቅና የሌለው ኢንተርንሺፕ ኋላ ፈቃድ ስታወጡ ተጨማሪ ማስረጃ እንድታመጡ ያስገድዳል፤ አንዳንድ ቀጣሪም ጭራሽ አይቀበለውም።

ከኢትዮጵያ ለሚሄድ ተማሪ አንድ ነገር ይጨመርበታል። በአሜሪካ ትልቁ የሳይኮሎጂ ተለማማጅ ተቀባይ የቀድሞ ወታደሮች ጤና ተቋም ነው፤ እዚያ ለመግባት የአሜሪካ ዜግነት ያስፈልጋል። አንድ ፕሮግራም ተማሪዎቹን በአብዛኛው እዚያ የሚያስገባ ከሆነ ጥሩው ቁጥሩ ለእናንተ አይሠራም። ስለዚህ ለአስተባባሪው ይህን ጻፉ፦ «ባለፉት 5 ዓመታት ስንት የውጭ አገር ተማሪ ለማች አመለከተ? ስንቱስ እውቅና ያለው ቦታ አገኘ?» ሰንጠረዡ ይህን አይመልስም።

*መ. የፈጀው ጊዜ።* አማካዩን ትታችሁ ሚዲያኑን (የመሐለኛውን ቁጥር) ያዙ። ሚዲያኑ 6 ዓመት፣ የተረጋገጠው የገንዘብ ድጋፍ ግን 4 ዓመት ከሆነ፣ የ5ኛውን ዓመት ማን እንደሚከፍል ጠይቁ። የመጨረሻው ዓመት ኢንተርንሺፕ ስለሆነ መጠነኛም ቢሆን ክፍያ ይኖረዋል።

*ሠ. ወጪ።* የተጻፈው ክፍያ ነፃ ትምህርት ወይም ድጋፍ ያልተቀነሰለት ነው። ፒኤችዲ ፕሮግራሞች በብዛት የትምህርት ክፍያውን ትተው ለማስተማር ወይም ለምርምር ሥራ የኑሮ ድጎማ ይሰጣሉ። ሳይዲ ፕሮግራሞች በአብዛኛው አያደርጉትም። በዓመት 45,000 ዶላር ቢሆን ለ5 ዓመት 225,000 ይመጣል፤ የአሜሪካ መንግሥት የተማሪ ብድር ደግሞ በተማሪ ቪዛ ለገባ ሰው አይሰጥም። ድጎማ የሌለውን ፕሮግራም እዚህ ላይ ሰርዙት፤ ተቀባይነት ካገኛችሁ በኋላ መሰረዝ ያማል።

*ረ. ቅበላ።* በመጨረሻ ስንት አመልክቶ ስንት እንደገባ እዩ። በጥሩ ፒኤችዲ ፕሮግራም ከመቶ አመልካች የሚገባው ከ10 ማነሱ የተለመደ ነው። ይህ ቁጥር የፕሮግራሙን ጥራት አይነግራችሁም። የሚጠቅመው ስንት ቦታ ላይ ማመልከት እንዳለባችሁ ለመወሰን ነው፤ ከ8 እስከ 12 ቢሆን ይመረጣል፣ የማመልከቻ ክፍያው ካጠበባችሁ ከ6 አትውረዱ።

ደረጃ 3፦ አማካሪ ምረጡ፣ ከዚያ ኢሜይል

ብዙ ፒኤችዲ ፕሮግራሞች ተማሪ የሚወስዱት ለአንድ የተወሰነ ፕሮፌሰር ነው። ውጤታችሁ ምንም ያህል ቢያምር ያ ሰው በዚያ ዓመት ተማሪ የማይወስድ ከሆነ አትገቡም።

1. በፕሮግራሙ ገጽ ላይ «በመጪው ዓመት ተማሪ የሚቀበሉ» የሚለውን ዝርዝር ፈልጉ።
2. የመረጣችሁትን ሰው የቅርብ ጊዜ 3 ጽሑፎች አንብቡ። ማጠቃለያው ብቻ አይበቃም፤ ዘዴው ላይ ቆዩ።
3. ከ150 ቃላት ያልበለጠ ኢሜይል ጻፉ፦ ማን እንደሆናችሁ በአንድ ዐረፍተ ነገር፣ የሠራችሁት ምርምር በሁለት፣ ከእሱ ሥራ ጋር የሚገናኝበት ነጥብ በሁለት፣ ተማሪ ይወስድ እንደሆነ የሚጠይቅ አንድ ጥያቄ።
4. አንድ ፒዲኤፍ ሲቪ ብቻ አያይዙ። የዲግሪ ፎቶ፣ የምስጋና ወረቀትና መታወቂያ አትላኩ።
5. በሥራ ቀን ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ ላኩ፤ በመስከረም በምሥራቅ አሜሪካ ጠዋት 3 ሰዓት ነው። ከጥቅምት መጨረሻ በኋላ ሰዓታቸው ስለሚቀየር ልዩነቱ ከ7 ወደ 8 ሰዓት ያድጋል።

መልስ ካልመጣ ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ አስታውሱ። አሁንም ዝም ካለና ስሙ በዝርዝሩ ላይ ካለ አመልክቱ፤ ዝምታ እምቢታ አይደለም። አንድን ጽሑፍ ስም ብቻ እየቀያየራችሁ ለአሥር ሰው አትላኩ። በአንድ ክፍል ያሉ ፕሮፌሰሮች ኮሪደር ላይ ይገናኛሉ፤ ኢሜይሉም አብሮ ይገናኛል።

ደረጃ 4፦ የምርምር ልምዱን እዚሁ ሥሩ

ኮሚቴው ከነጥባችሁ ቀጥሎ የሚፈልገው ምርምር ነው። ደሴ ላይ በሩ ዝግ አይደለም። ወሎ ዩኒቨርሲቲ የሳይኮሎጂና የሳይካትሪ መምህራን አሉት፤ የደሴ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍልም የጥናት ቦታ ሆኖ ያገለግላል። ከ2014 ዓ.ም. ጦርነት በኋላ ደግሞ ድርጅቶች በደሴ፣ በኮምቦልቻና በሐይቅ አካባቢ የሳይኮሶሻል ድጋፍ ሲሰጡ ቆይተዋል።

«መረጃ ሰብስቤያለሁ» ብሎ መጻፍ ብቻውን ደካማ ነው። የሚከተሉትን አንድ ሁለት ጨምሩበት፦

- መጠይቅ ወደ አማርኛ መተርጎምና መልሶ መተርጎም፣ ትርጉሙ የተለያየባቸውን ጥያቄዎች መዝግቦ መያዝ
- መረጃውን በኤስፒኤስኤስ ወይም በአር ራሳችሁ ማጽዳትና መተንተን
- የሥነ ምግባር ፈቃድ ማመልከቻውን ማርቀቅ
- በጽሑፉ ላይ በስም መግባት

ሥራውን ስትገልጹ በቁጥር ግለጹት፦ ስንት ቃለ መጠይቅ፣ በየትኛው መለኪያ፣ የእናንተ ድርሻ ምን ነበር። የታካሚ ወይም የተፈናቃይ ታሪክ ስሙን ቀይራችሁ እንኳ አታስገቡ። ቀበሌውና ሁኔታው ሰውየውን ያሳውቁታል፤ ምስጢር መጠበቅ የማይችል አመልካች ደግሞ ለዚህ ሙያ አይፈለግም።

ደረጃ 5፦ ወረቀቱን ቀድማችሁ አስጨርሱ

ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተመረቃችሁ ከሆነ ኮስት ሼሪንጋችሁን ጨርሱ። ሳይጠናቀቅ በእጃችሁ የሚኖረው ቴምፖና የተማሪ ቅጂ ነው፤ ማመልከቻው የሚፈልገው ግን ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ነው። የከፈላችሁበትን ማረጋገጫ ለሬጅስትራር ስታስረክቡ ኮፒውን አስቀሩ። ትራንስክሪፕቱን ስትጠይቁ የውጤት መግለጫው (ኤ ስንት ነጥብ እንደሆነ የሚያሳየው) በጀርባው መኖሩን እዩ። ስካን ስታደርጉ ሁለቱንም ገጽ አድርጉ።

ብዙ ትምህርት ቤቶች ለማመልከቻ ስካኑን ይቀበሉና ከቅበላ በኋላ የታሸገውን ይጠይቃሉ። አንዳንዶቹ የውጭ ማስረጃ ገምጋሚ ድርጅት በኩል እንዲያልፍ ይፈልጋሉ፤ ይህ ሳምንታት ስለሚወስድ በሐምሌ ጀምሩት። የሦስት ዓመት ዲግሪ ያላችሁ ደግሞ ከመክፈላችሁ በፊት ለድኅረ ምረቃ ቢሮው «የሦስት ዓመት ዲግሪ ትቀበላላችሁ?» ብላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ፤ ሁለተኛ ዲግሪ ካላችሁ እሱንም ጥቀሱ።

ሦስት የተለመዱ ስህተቶች፦

1. ስም። ሰይድ የሚለው ስም በፓስፖርት አንድ ዓይነት፣ በትራንስክሪፕት ሌላ ዓይነት ፊደል ተጽፎ ይገኛል። ሁሉንም ቅጽ በፓስፖርቱ አጻጻፍ ሙሉ። ትራንስክሪፕቱ ከተለየ ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚገልጽ ደብዳቤ ከሬጅስትራር አውጡ።
2. «የመጨረሻ ስም»። አባት ወይም አያት ብላችሁ በየቅጹ አትለዋውጡ። ፓስፖርቱ የቤተሰብ ስም ባለው ቦታ ላይ የተጻፈውን ብቻ ተጠቀሙ።
3. ዓመት። በ2014 ዓ.ም. የተመረቀ ሰው ቅጹ ላይ «2014» ብሎ ከሞላ፣ ፈረንጁ የስምንት ዓመት ክፍተት አይቶ ምን ስትሠራ ነበር ይላል። 2022 ብላችሁ ሙሉ፤ የትውልድ ቀኑንም እንዲሁ ቀይሩ።

ደረጃ 6፦ ፈተናዎች

ጂአርኢን (የአሜሪካ ድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና) ብዙ ፕሮግራሞች ትተውታል። ከመረጣችኋቸው ውስጥ የሚጠይቅ ከሌለ ገንዘባችሁን አታውጡ። «እንደ ፍላጎት» ካሉና ውጤታችሁ ጥሩ ከሆነ ላኩት። ውጤቱ ለ5 ዓመት ይሠራል።

ለእንግሊዝኛ ከቤት የሚፈተኑት ዱዎሊንጎ ይቀናል፤ ግን ፕሮግራሙም ሆነ ድኅረ ምረቃ ቢሮው እንደሚቀበሉት አረጋግጡ፣ አንዳንዱ ቶፍል ብቻ ይላል። ከቤት ስትፈተኑ፦ ፓስፖርት በእጅ፣ ላፕቶፑ ሙሉ ቻርጅ፣ ክፍሉ ዝግና ሰው የማይገባበት፣ ጆሮ የሚታይ፣ ዓይን ከስክሪን የማይነሳ። የካፌ ዋይፋይ ላይ አትፈተኑ። ኔት ከተቋረጠ ፈተናው ያለ ውጤት ሊቀር ስለሚችል፣ ለመድገም ጊዜ እንዲኖራችሁ ከመዝጊያው 6 ሳምንት ቀድማችሁ ተቀመጡ።

ደረጃ 7፦ የድጋፍ ደብዳቤ

ሦስት ያስፈልጋል። ሁለቱ ምርምራችሁን በቅርብ ካዩ ሰዎች ይሁኑ። የዲኑ ማኅተም ያለበት «ጨዋና ታታሪ ተማሪ ነበር» የሚል ደብዳቤ ምንም አይረዳም።

መምህሩን ቢሮው ሄዳችሁ ጠይቁት። እሺ ካለ ሲቪያችሁን፣ የሠራችሁለትን ሥራ ዝርዝርና የመዝጊያ ቀኖቹን በአንድ ገጽ ስጡት። «ራስህ ጻፈውና ልፈርም» ካላችሁ በአክብሮት እምቢ በሉና ነጥቦችን ብቻ ስጡ። በአንድ እጅ የተጻፉ ሦስት ደብዳቤዎች ይታወቃሉ፤ ማመልከቻውንም ይገድላሉ። የዩኒቨርሲቲ ኢሜይሉን ቅጹ ላይ አስገቡ፤ ደብዳቤውን የማየት መብታችሁን እንደተዋችሁ የሚገልጸውን ሳጥን ምልክት አድርጉ። ሊንኩ ስፓም ውስጥ መግባቱ የተለመደ ስለሆነ በላካችሁ ማግሥት ደውሉለት።

ደረጃ 8፦ የዓላማ መግለጫ

ሁለት ገጽ። በምርምር ጥያቄ ጀምሩ፣ ልምዳችሁን አስከትሉ፣ ለምን ይህ አማካሪ የሚለውን አስረዱ፣ ከዲግሪው በኋላ የምታደርጉትን አስቀምጡ። የራሳችሁን የአእምሮ ሕመም ወይም በጦርነቱ የደረሰባችሁን ጉዳት ለሙያው ያበቃችሁ ምክንያት አታድርጉት። ጉዳቱ የሚያሳፍር ሆኖ አይደለም፤ አንባቢው በሁለት ገጽ ውስጥ የሚፈልገው ተመራማሪውን ነው።

ደረጃ 9፦ ኢንተርቪው

ግብዣው በታኅሣሥና በጥር ይመጣል፤ በጥርና በየካቲት በዙም ይደረጋል። ጠዋት 3 ሰዓት ተጀምሮ ከሰዓት 11 ላይ የሚያልቅ የእነሱ ቀን፣ ለእናንተ ከቀኑ 11 እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት ነው። መብራት የማይጠፋበት ወይም ጄነሬተር ያለው ክፍል አስቀድማችሁ ያዙ፤ የስልክ ዳታም ሙሉ። ቢቋረጥ የምትልኩትን አጭር ኢሜይል ረቂቅ ላይ አዘጋጁ።

የተማሪዎቹን ስብሰባ እንደ እረፍት አትዩት። አማካሪው በስንት ቀን ረቂቅ እንደሚመልስ፣ በ5ኛው ዓመት ድጎማው እንደሚቀጥል፣ የውጭ ተማሪ ማች ላይ ምን እንደገጠመው የሚነግሯችሁ እነሱ ናቸው።

ደረጃ 10፦ ቅበላው ሲመጣ

ድጎማ ያለበትን ቅበላ ለመመለስ የተለመደው የመጨረሻ ቀን ኤፕሪል 15፣ ሚያዝያ 7 ነው። ከዚያ በፊት መልስ እንድትሰጡ ከተጫናችሁ ጊዜ ጠይቁ። የድጎማውን መጠን፣ የዓመቱን ብዛት፣ የጤና መድኅኑን እና በክረምት ወራት ድጎማው መቀጠል አለመቀጠሉን በጽሑፍ አስጨምሩ።

አይ-20 (ለተማሪ ቪዛ ዩኒቨርሲቲው የሚልከው ቅጽ) ሲደርሳችሁ ስሙን ከፓስፖርቱ ጋር በፊደል አስተያዩ፤ ስህተት ካለ ከመክፈላችሁ በፊት አሳርሙ። የሴቪስ (የውጭ ተማሪዎች መመዝገቢያ ሥርዓት) ክፍያ 350 ዶላር ነው። የቪዛ ቃለ መጠይቁ አዲስ አበባ ስለሆነ ከደሴ ከሁለት ቀን በፊት ተነሱ፤ የመንገዱን ነገር ታውቁታላችሁ።

አሁኑኑ የሚጠየቅ አንድ ነገር አለ። በተማሪ ቪዛ ኢንተርንሺፕ የሚሠራው ሲፒቲ በሚባል ፈቃድ ነው። ሙሉ ጊዜ ሲፒቲ 12 ወር ከሞላ፣ ከምረቃ በኋላ ለመሥራት የሚያስችለው ኦፒቲ ይቃጠላል። ብዙ ግዛቶች ደግሞ ፈቃድ ለማውጣት ከዲግሪ በኋላ የተሠራ የክትትል ሰዓት ይጠይቃሉ። «የቀድሞ ተማሪዎቻችሁ ኢንተርንሺፕ ላይ ሲፒቲው ከ12 ወር በታች እንዲሆን ምን አደረጋችሁ?» ብላችሁ የዩኒቨርሲቲውን ዓለም አቀፍ ተማሪዎች ቢሮ ጠይቁ። ጥያቄውን ያልሰማ ቢሮ ካጋጠማችሁ ለፕሮግራሙ ዳይሬክተር አድርሱ።

ካልተቀበሏችሁ

ኢንተርቪው ጭራሽ ካልመጣ ችግሩ ደረጃ 3 እና 4 ላይ ነው፦ አማካሪው አልገጠመም ወይም ምርምሩ ቀጭን ነው። ኢንተርቪው ተደርጎ ካልተሳካ መግለጫውን አትንኩት፤ በእንግሊዝኛ ስለ ራሳችሁ ጥናት 3 ደቂቃ ማስረዳትን ተለማመዱ። በዚህ መሐል አገር ውስጥ ሁለተኛ ዲግሪ የምትጀምሩ ከሆነ የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተናውን (ኤንጋት) ምዝገባ ተከታተሉ፤ የመመረቂያ ጽሑፋችሁንም ያነበባችኋቸው ፕሮፌሰሮች በሚሠሩበት ጉዳይ ላይ አድርጉት። የእንግሊዝኛ ፈተና ውጤት 2 ዓመት ስለሚያገለግል በቀጣዩ ኅዳር አትደግሙትም። ደብዳቤ ጸሐፊዎቹን ግን በነሐሴ እንደገና አነጋግሩ፤ የአምናውን ደብዳቤ ቀኑን ብቻ ቀይረው እንዳይልኩ የጨመራችሁትን ሥራ በጽሑፍ ስጧቸው።